ከወገዳ የመጣው ቴሌቪዥንና የእናኑ ማግኔት

ሱቄን የዘጋሁት ከፋሲካ በኋላ ነው። መካነ ኢየሱስ፣ ከመናኸሪያው ከፍ ብላ ባለችው አንድ በር ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን ስጠግን ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ ነበር የቀረኝ። ሰው ሲያገኘኝ «ጋሽ ባየ፣ አልከፋህም ወይ?» ይለኛል። አልከፋኝም። ቁልፉን ለቤቱ ባለቤት አስረክቤ ስወጣ አንድ ኩንታል ገብስ ከትከሻዬ የወረደልኝ ያህል ነው የቀለለኝ። ያ ጀርባው የጎበጠ፣ ሆዱ መስታወት የሆነ፣ ሁለት ሰው ተጋግዞ የሚያነሣው ቴሌቪዥን ዘመኑ አልፏል። የዛሬው እንደ ጣውላ ስስ ነው፤ ሲበላሽም ባለቤቱ አውጥቶ ይጥለውና ሌላ ይገዛል።

ሥራው ከእጄ ሳይጠፋ ግን አንድ ነገር ጽፌ ማለፍ ፈለግሁ። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ከዚያ በፊት ጋይንት ቤተ ልሔም፣ አጎቴ ዘንድ ተቀምጬ ዳዊት ደግሜያለሁ። አጻጻፌ ቢንገዳገድ አንባቢ ይታገሰኝ። የምጽፈው በእጄ ስለጠገንሁት ሳይሆን በአፌ ስላበላሸሁት ነገር ነው።

ሥራውን ያስተማሩኝ ሰው ጋሽ ውብሸት ይባሉ ነበር። ደብረ ታቦር ላይ ሱቅ ነበራቸው። ቀድሞ ወታደር ቤት የሬዲዮ ሠራተኛ ነበሩ። እኔ እሳቸው ዘንድ የገባሁት ለመሸከምና ለመጥረግ ነው፤ ጎልማሳ ነበርሁ፤ ሚስትም አግብቼ ነበር። በስድስተኛው ወር ካቻቪቴ አስያዙኝ።

ጋሽ ውብሸት የቴሌቪዥን ጀርባ ሲከፍቱ ግራ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ይከቱታል። በቀኝ እጃቸው ብቻ ነው የሚሠሩት። አላፊ አግዳሚው ኩራት ይመስለው ነበር። «ኩራት አይደለም» አሉኝ አንድ ቀን፤ «ኤሌክትሪክ ባንዱ እጅህ ገብቶ በሌላው ልውጣ ሲል መንገዱ በልብህ ላይ ነው። አንደኛውን በር ዝጋበት።» ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት መስታወት ያቆሙና ከኋላ ሆነው ሥዕሉን በመስታወቱ ያያሉ። ምንም ነገር ከመንካታቸው በፊት ያሸታሉ። የተቃጠለ ሽቦ ሽታና የተቃጠለ አቧራ ሽታ ይለያያል ይሉ ነበር፤ ደግሞም እውነታቸውን ነው።

ከሁሉ የሚጠብቁት ሕግ ግን ይህ ነበር፦ «ቤቱን ሳታይ ቴሌቪዥኑን አትፍረድበት።» የተበላሸ ነገር ሲመጣላቸው ባለቤቱን ተቀምጠው ይጠይቃሉ። የት ነው የሚቀመጠው? ከጎኑ ምን አለ? ፊቱ ወዴት ነው? ያልገባቸው ነገር ካለ ዕቃቸውን በአንገታቸው አንግተው በእግራቸው ሄደው ያያሉ። አንድ ጊዜ ለአንድ ቴሌቪዥን እስቴ ድረስ ወርደው «ጠረጴዛውን ከመስኮቱ አርቁት» ብለው ብቻ ተመልሰዋል።

ከሳቸው ተለይቼ ነፋስ መውጫ ላይ ለአንድ ነጋዴ ሁለት ዓመት ሠራሁ። ያኛው ጌታዬ ደመወዝ ቀን አያዛንፍም፤ ሥራው ግን «አቧራውን እፍ በልና መልሰህ ግጠመው» ነበር። ዕቃው እምብዛም ሳይበላሽበት የመጣ ሰው ጭራሽ ተበላሽቶበት ሲሄድ አይቼ ወጣሁና መካነ ኢየሱስ የራሴን ሱቅ ከፈትሁ።

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚያስተምር አንድ የፊዚክስ መምህር ነበር። ከሰዓት በኋላ ሱቄ እየመጣ ቆሞ ያየኛል። ጋሽ ውብሸት እጄን አስተማሩኝ፤ የምሠራው ነገር ምን እንደሆነ የነገረኝ ግን እሱ ነው።

«ጋሽ ባየ፣ እዚህ መስታወት ውስጥ ምን እንዳለ ያውቃሉ?»

«ጠመንጃ አለ። ከአንገቱ ላይ ሦስት ጠመንጃ።»

«ጥይቱስ?»

«ጥይቱን አላየሁትም።»

«ማንም አላየውም» አለና ሳቀ። ጥይቱ ኤሌክትሮን የሚባል እጅግ ደቃቅ ነገር ነው። ሃያ አምስት ሺ ቮልት ከፊት ይስበዋል፤ ከጠመንጃው ሲወጣ የብርሃንን ፍጥነት ሲሶ ያህል ይሮጣል። እኔ የማውቀው ሲሶ የእርሻ ሲሶ ነበር፤ የብርሃን ሲሶ ሲለኝ እጄን ከዕቃው ላይ አነሣሁ። ከዚያ የባሰው ደግሞ ቀጥሎ የነገረኝ ነው። በዚያ ሩጫ ላይ ያ ደቃቅ ነገር ለሚገፋው ሁሉ እየከበደ የሚሄድ ያህል ነው አለኝ። እኔ በምጠግነው ዕቃ ውስጥ ከመቶ አምስት እጅ ያህል ይከብዳል። ፈረንጅ ደግሞ በሌላ ትልቅ መኪና አስሩጦት በብዙ እጥፍ ያከብደዋል አሉ። የፈለግኸውን ያህል ብትገፋው ክብደቱ ይጨምራል እንጂ ብርሃንን አይቀድማትም።

«ታዲያ እንዲህ የሚሮጠውን ማን ያዞረዋል?» አልሁት። ሥዕሉ የሚሠራው እየዞረ መሆኑን አውቃለሁ፤ ከግራ ወደ ቀኝ አንድ መስመር፣ ከዚያ ዝቅ ብሎ ሌላ መስመር፣ እንዲህ እያለ ስድስት መቶ ሃያ አምስት ትልም ያርሳል፤ ያንን ሁሉ አርሶ እንደገና ከራስጌ ይጀምራል፤ በአንድ ሴኮንድ ሃያ አምስት ጊዜ። በሬ አይችለውም።

«ማግኔት ነው የሚያዞረው። አንገቱ ላይ የተጠመጠመው ሽቦ ማግኔት ይሆናል። ማግኔት ግን ልብ ይበሉ፣ ያዞራል እንጂ አያፈጥንም። የሚያፈጥነው ቮልቱ ነው።»

«እንግዲያው ቮልቱ ጅራፍ ነው፤ ማግኔቱ ዕርፍ ነው» አልሁት። ጅራፍ ያስሮጣል፤ ዕርፍ ትልሙን ያቃናል። መምህሩ ይህንን ደብተሩ ላይ ጻፈው። ለተማሪዎቹ ነግሯቸው ይሆናል፤ አላውቅም።

ይህን ሁሉ ያወራሁት ያለ ምክንያት አይደለም። አውቅ ነበር ለማለት ነው። እያወቅሁ ነው የተሳሳትሁት።

ክረምት ነበር። ከሲማዳ ወገዳ አንድ ቴሌቪዥን በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በጭነት መኪና መጣልኝ። ባለቤቱ አያ ደምሴ የሚባሉ የእህል ነጋዴ ናቸው። ቁመተ ረጅም፣ ቁጡ፣ ግን ለሰው የሚደርሱ።

«የሰው ፊት አረንጓዴ ሆነብን» አሉኝ። «ከላይ በቀኝ በኩል። ግንባሩ ወይን ጠጅ፣ ጉንጩ አረንጓዴ። ዜና የሚያነበው ሰውዬ የተመታ ይመስላል።»

ሰካሁት። ሥዕሉ ኩልል ያለ ነው። ግማሽ ቀን አስበርቼ አየሁት፤ ምንም የለውም። አራግፌ መለስሁላቸው። በሦስተኛው ሳምንት ተመልሶ መጣ። ያው ነገር፤ እዚያ አረንጓዴ፣ እዚህ ጤነኛ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ አያ ደምሴ ጭቃው እስከ ጉልበታቸው ደርሶ ነበር፤ ለመኪናና ለተሸካሚ ያወጡት ሌላ ቴሌቪዥን ሊገዛ ምንም አልቀረው።

ያን ጊዜ ማድረግ የነበረብኝ አንድ ነገር ነበር። ዕቃዬን አንግቼ ወገዳ ሄጄ ቤቱን ማየት። ጋሽ ውብሸት ቢሆኑ በመጀመሪያው ቀን ይነሡ ነበር። እኔ ግን መንገዱን ፈራሁ፤ ጭቃ፣ ደራሽ ውኃ፣ የጉልበቴ ቁርጥማት። ደግሞ ሦስት ጊዜ አለማወቄ አሳፍሮኝ በቀልድ ልወጣው አሰብሁ።

«አያ ደምሴ፣ ይህ ነገር እኔ ዘንድ ጤነኛ፣ እርስዎ ዘንድ በሽተኛ ነው። ዓይን እንጂ ሌላ ምንም አልነካውም። ቤትዎ አዲስ የገባ ሰው አለ እንዴ?»

ሳቅሁ። አያ ደምሴ አልሳቁም።

ክረምቱ ወጣ። በጥቅምት አንዲት ከወገዳ ቅቤ እያመጣች የምትሸጥ ሴት ሱቄ በር ላይ ዕቃዋን አሳርፋ «አንተ ነህ ለካ!» አለችኝ።

«ምን ሆንሁ?»

«የአያ ደምሴን ምራት በላተኛ ናት፣ በዓይኗ ትበላለች ያልህ።»

«ማን? እኔ? ምራታቸውን አይቻትም አላውቅ!»

«ሳያይ ያወቀ ነው እያሉህ ነው። እናኑን አባቷ ቤት መለሷት እኮ። አባቷ ማረሻ የሚቀጠቅጡ ባለ እጅ ናቸው፤ ድሮም ሰው ያጉረመርም ነበር። የአያ ደምሴ ልጅ፣ ስማቸው የሚባለው፣ ወድዶ ነው ያመጣት። ቴሌቪዥኑ መታመም የጀመረ እሷ የገባች ሰሞን ነው። ባለሙያው ራሱ ‹አዲስ የገባ ሰው አለ ወይ?› ሲል ነገሩ አለቀ።»

የያዝሁትን መበየጃ አስቀመጥሁ። አገሬን አውቀዋለሁ። በእኛ አገር ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ማረሻውን ይሠራልናል፣ ማጭዱን ይሠራልናል፣ ከዚያ ልጁን ዓይኗን እንፈራታለን። የአንዲት ሴት ትዳር፣ የአንድ ቤተሰብ ስም፣ በእኔ አንድ ቀልድ።

በማግስቱ ደብረ ታቦር ሄጄ ለጋሽ ውብሸት ነገርኋቸው። አርጅተው ነበር፤ በር ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ።

«ግራ እጅህን ኪስህ ከተትህ» አሉኝ፤ «አፍህን ግን ከፍተህ ተውኸው። ሂድ። ቤቱን እይ።»

ሄድሁ። አያ ደምሴ ቤት ስደርስ ቴሌቪዥኑ በርቷል፤ ሥዕሉ የጠራ ነው። ባለቤታቸው እትዬ ጥሩ በኩራት አሳዩኝ።

«ይኸው! ከሄደች ወዲህ አንድ ቀን አረንጓዴ ብሎ አያውቅም። እውነትህን ነው ባየ፤ አፍህ ጠበል ነው!»

ይህ ምስጋና ያቃጠለኝን ያህል ስድብ አቃጥሎኝ አያውቅም። ማስረጃው ሁሉ በልጅቱ ላይ ቆሟል። ተቀምጬ ቤቱን እንደ ጋሽ ውብሸት ማየት ጀመርሁ። ቴሌቪዥኑ በጥልፍ ጨርቅ ተሸፍኖ ጥግ ላይ ነው። መስኮት የለም። ቴፕ የለም። ስፒከር የለም።

«እትዬ ጥሩ፣ ያኔ እዚህ ቤት ውስጥ የነበረና ዛሬ የሌለ ምን አለ?»

«ምን ይኖራል? እሷ፣ ልብሷ፣ የጥልፍ ሙዳይዋ።»

«ሙዳዩ የት ይቀመጥ ነበር?»

«እዚያው ላይ ነዋ!» በአገጫቸው የቴሌቪዥኑን አናት አሳዩኝ። በቀኝ በኩል። «አጠገቡ ተቀምጣ እያየች ትጠልፋለች። ዓይኗ ከሱ ላይ ተነሥቶ ያውቃል?»

ምንም ሳልናገር ወጣሁ። አፌን ያን ጊዜ መዝጋት ተምሬያለሁ።

የአባቷ ቤት ከወገዳ ወጣ ብሎ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ወናፉ ከሩቅ ይሰማል። አባቷ አያ መኳንንት እሳቱን ሳይለቁ «ማረሻ ነው?» አሉኝ።

«አይደለም። ባየ ነኝ። የቴሌቪዥኑ ሰው።»

ወናፉ ቆመ። ሰውዬው ወደ ቤት ገብተው ልጃቸውን ጠሩ። እናኑ ወጣች፤ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ነጠላዋን በዓይኗ ላይ ጥላ ቆመች።

«ሸፍኜ ነው የማናግርዎ» አለችኝ። «የሚበላሽ ነገር ይዘው ከሆነ የመጡት፣ ራቅ ያድርጉት።»

ባዶ እጄን ዘርግቼ አሳየኋት። «ልጄ፣ የጥልፍ ሙዳይሽን ብታሳዪኝ» አልኋት።

«ሙዳዩንም ልትፈሩት ነው?» አለች፤ ግን አመጣችው። ክዳኑን ከፈትሁ። ክር፣ መቀስ፣ ከሥሩ ደግሞ ጥቁር ወፍራም ቀለበት፤ መርፌው እንደ ጃርት ወስፌ ዙሪያውን ቆሞበታል። ከተሰበረ ስፒከር የወጣ ማግኔት ነው።

«ይህን ከየት አመጣሽው?»

«አባባ ነው የሰጠኝ። መርፌ ሲወድቅብኝ መልቀሚያ።»

መሬት ላይ ተቀመጥሁ። ነገሩ ሁሉ ገባኝ። ማግኔቱ አናቱ ላይ ሲቀመጥ በውስጥ የሚሮጠውን ከትልሙ ያወጣዋል፤ ቀይ ሊያበራ የተተኮሰው የአረንጓዴውን ቦታ ይመታል። ቴሌቪዥኑ ወደ እኔ ሲመጣ ሙዳዩ ወገዳ ይቀራል፤ ቀዝቅዞ ሲሰካ ደግሞ ሆዱ ውስጥ ያለው ሽቦ የማግኔቱን ርዝራዥ ያጠራዋል። እኔ ዘንድ ጤነኛ የሆነው ለዚህ ነው። ይህን በቀስታ ነገርኋት።

«ይህ ነው የበላው?» አለች።

«ይህ ነው።»

«እኔ አይደለሁም።»

«አንቺ አይደለሽም።»

አላለቀሰችም፤ ነጠላዋን ከዓይኗ ላይ ገፋች። «እኔማ ድሮም አውቀዋለሁ። ለኔ ምን ይነግሩኛል? ለነሱ ይንገሯቸው እንጂ።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አያ ደምሴ ቤት ሰው ሰበሰብሁ። የነፍስ አባታቸው አባ ገብረ ሥላሴ መጡ፣ ሁለት ሽማግሎች መጡ፣ ባሏ ስማቸውም ነበር። እናኑና አባቷ መጡ፤ ሙዳዩን ሰጡኝ፤ ግን ከበሩ አላለፉም። «ሳልጠራ አልገባም» አለች። ልሰካ ስል መብራት የለም! ወገዳ ነዋ። ሰዉ መብራት ሊጠብቅ ተቀመጠ። እሷ ውጭ ቆማለች፤ ስማቸው አንድ ጊዜ ወደ በሩ፣ አንድ ጊዜ ወደ አባቱ ያያል። ሰባት ሰዓት ሆነ፣ ስምንት ሆነ። አንደኛው ሽማግሌ «መብራቱንም እሷ በላችው እንዳትሉ ብቻ» አሉ። ማንም አልሳቀም።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አምፖሉ ቦግ አለ። ሥዕሉ መጣ፤ ጠራ። ማግኔቱን ከሙዳዩ አወጣሁና አናቱ ላይ አስቀመጥሁት። ሥዕሉ ላይ የምትናገረው ሴት ፊት በቀኝ በኩል አረንጓዴ ሆነ። እትዬ ጥሩ በስመ አብ አሉ። አነሣሁት፤ ግማሹ ተመለሰ።

«ይህ የአንተ ምትሃት ነው» አሉ አያ ደምሴ።

«እንግዲያው እርስዎ ይያዙት» አልሁና እጃቸው ላይ አኖርሁት። ወደ መስታወቱ ሲያስጠጉት ሥዕሉ ተጣመመ፤ ሐምራዊ፣ አረንጓዴ፣ እንደ ዘይት ያለበት ውኃ እየዞረ እጃቸውን ተከተለ። ባራቁት ቁጥር ይለቃል፣ ባስጠጉት ቁጥር ይይዛል።

አባ ገብረ ሥላሴ መቋሚያቸውን ተደግፈው አዩና «ኧረ ደምሴ!» አሉ፤ «አንተም በላተኛ ነህ ለካ! እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ስናዝዝህ ሳትነግረኝ!»

ያን ጊዜ ቤቱ ሳቀ። አያ ደምሴ ግን ማግኔቱን ይዘው ቆመው ቀሩ። እኔ ተነሣሁ።

«ዓይን ነው ብዬ የተናገርሁት እኔ ነኝ» አልሁ። «አላየሁም፣ አልመረመርሁም፤ አለማወቄን ለመሸፈን ቀለድሁ። ጥፋቱ የእናኑ አይደለም፤ የማግኔቱም አይደለም። ማግኔት ሥራው ማዞር ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«አዋረድኸኝ ባየ» አሉ አያ ደምሴ በቀስታ።

«እኔ ነኝ የተዋረድሁት።»

«እኔ ነኝ የተዋረድሁት» አለች እናኑ ከበሩ። ሁሉም ዞረ። «ሽማግሌ ሰብስባችሁ አመጣችሁኝ እንጂ ሽማግሌ ሰብስባችሁ አልሸኛችሁኝም። አባቴ ደጅ መጥታችሁ ጥሩኝ።» ይህን ብላ ሄደች። ስማቸው ተነሣ፤ ሙዳይዋን አነሣ፤ «አባባ፣ መጥተህ እስክትጠራት ድረስ ከሷ ጋር ነኝ» አለና ተከተላት። ማግኔቱ አያ ደምሴ እጅ ላይ ቀረ። ወደ እኔ ዘረጉት፤ «ውሰድልኝ» አሉኝ። የቀረውን ቀለም፣ ማግኔት በሚያጠፋው የሽቦ ጥቅሌ ዙሪያውን አጥርቼላቸው ወጣሁ።

አያ ደምሴ ሁለት ሳምንት ቆዩ። ከዚያ የደነዘ ማረሻ በትከሻቸው አድርገው፣ አባ ገብረ ሥላሴን አስከትለው እናኑ አባት ዘንድ ሄዱ አሉ። ማረሻው ሰበብ ነው፤ ሰውዬው ካረሱ ስንት ዓመታቸው! አያ መኳንንት ቀጥቅጠው ሲያበቁ ጠላ ቀረበ። ወገዳ ላይ ብዙ ሰው ማረሻውን ያሠራል እንጂ እዚያ ቤት አፉን አያርስም። አያ ደምሴ ጽዋውን ተቀብለው፣ ሰው እያያቸው ጨለጡት፤ ድገሙኝም አሉ። እናኑ በዚያው ቀን ተመለሰች። ይህን ስሰማ ሱቄን ከሰዓት በፊት ዘግቼ ቤቴ ሄጄ ተኛሁ። ከጥቅምት ወዲህ የመጀመሪያው እንቅልፌ ነበር።

ማግኔቱን ሱቄ ግድግዳ ላይ በምስማር ሰቀልሁት። ምስማሩን ራሱ ነው የያዘው። አንድ ሰው ከሩቅ የታመመ ቴሌቪዥን ሲያመጣልኝ ቀና ብዬ አየውና ዕቃዬን አነግታለሁ። ከዚያ ወዲህ ቤቱን ሳላይ የፈረድሁበት አንድ ቴሌቪዥን የለም። ጋሽ ውብሸት ከመሞታቸው በፊት ይህን ነግሬያቸዋለሁ፤ «ይሁን» አሉኝ። ከሳቸው አፍ «ይሁን» ትልቅ ነገር ነው።

ሱቁን ልዘጋ ዕቃ ስሰበስብ ስልኬ ጮኸ። እናኑ ናት። ዛሬ የሦስት ልጆች እናት ናት፤ ወገዳ ላይ የጥልፍ ሱቅ አላት።

«ጋሽ ባየ፣ ሊዘጉ ነው አሉ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«እንግዲያው ማግኔቴን ይመልሱልኛ! መርፌ እየጠፋብኝ ተቸግሬያለሁ።»

ራሴ ይዤላት ሄድሁ። መንገዱ ያው ነው፤ ጉልበቴ ግን የሚቸኩልበት ነገር አልነበረውም። አያ ደምሴ አርጅተው ጥግ ላይ ጋቢ ለብሰው ተቀምጠዋል። ግድግዳው ላይ ትልቅ ስስ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል። እናኑ ማግኔቱን ተቀብላ አገላብጣ አየችው፤ ወደ አማቷ ዞረች፣ ወደ እኔ ዞረች። ከዚያ ሄደችና ቴሌቪዥኑ አናት ላይ፣ በቀኝ በኩል አስቀመጠችው።

ሦስታችንም አየን። የሚናገረው ሰው ፊቱ እንደነበረ ነው። ውስጡ የሚሮጥ ነገር የለ፣ ከትልሙ የሚወጣ የለ።

«ምንም አልሆነም» አሉ አያ ደምሴ።

«ምንም አልሆነም» አለች እናኑ፤ መርፌዋን ይዛ ከፊቱ ተቀምጣ መጥለፍ ጀመረች።